ሓጎስ የሚባለው ሰው

ልጅ ሳለሁ ሓጎስ የሚባል ሰው ይመጣል ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ በር በሩን ሳይ ከረምኩ። ዛሬም ሳስበው ብግን ያደርገኛል። የሚያበግነኝ ደግሞ የሰውየው መዘግየት አይደለም፤ በዚያ ግቢ ከነበሩት ትልልቅ ሰዎች መሐል ቁጭ አድርጎ አንዲት ቃል የሚያስረዳኝ መጥፋቱ ነው። ሓጎስ ማለት በትግርኛ ደስታ ማለት ነው። ይኸው፣ ስድስት ቃል። ይህችን የሚነግረኝ ጠፍቶ ነው ያን ሁሉ የተንከራተትኩት። ሓጎስ የሰውም ስም ነው፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ያኔ የምንኖረው መቀሌ፣ ሰሜን በሚባለው ሰፈር፣ ወደ ውቅሮ ከሚያወጣው መንገድ ገባ ብሎ በድንጋይ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ አስተማሪ ነው። ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ሲመጣ እኔንና ነፍሰ ጡር እናቴን ከሁለት ሻንጣ ጋር ይዞን መጣና ሁለት ክፍል ተከራየን። የግቢው ባለቤት አደይ ብርኽቲ ይባላሉ፤ አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ስለሚጠራቸው እኛም ያንኑ ያዝን። አደይ አማርኛ ይችላሉ። ማለቴ፣ እችላለሁ ብለው ያምናሉ። ወሬውን በአማርኛ ይጀምሩትና መሐል ላይ ሲታክታቸው በትግርኛ ይጨርሱታል፤ የቀረውን እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርሽ። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከሰፈሩ ልጆች የለቀምኳት ትግርኛም ከስድብና ከጨዋታ አታልፍም ነበር።

ወንድሜ የተወለደው እዚያው ግቢ ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ስለሆነ አባቴ ክርስትና አባት ፈልጎ፣ እናቴ ነጭ ልብሱን አጥባና አጣጥፋ፣ አደይም ጠላውን ጠንስሰው ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ነበር። ለአርባው ዘጠኝ ቀን ሲቀር ሕፃኑ አንድ ቀን ብቻ ታሞ ሞተ። ሚያዝያ ነበር። ከዚያ ወዲያ እናቴ እናቴ አልሆነችም። መሞቱ አንድ ነገር ነው፤ እሷን የሚያንገበግባት ግን ሳይጠመቅ መሞቱ ነበር። «ሳይጠመቅ ሰደድኩት» ትላለች፤ ሰው መጣም አልመጣም፣ ሌላ ወሬ የላትም። ደብረ ብርሃን ሳለን እልል ስትል የቤተ ክርስቲያኑ ሴት ሁሉ ዞሮ የሚያያት እናቴ፣ ደጁን መሳለም እንኳ ተወች። ደወል ሲደወል ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የፍልሰታ ጾም ገብቶ ሰፈሩ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ወደ እንዳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲጎርፍ እሷ ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ትስባለች።

ቤቱ ደግሞ ያለሷ ምን ቤት ይሆናል? የሚያበስለው አባቴ ሆነ። ስለ አባቴ ሽሮ ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። እናቴ እሱንም አንድ ሁለቴ ጎርሳ ትተወዋለች። ከስታ ከስታ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት ክር ጠመጠመችበት።

አንድ ቀን አባቴ ለአደይ ሲነግራቸው ሰማሁ። ትምህርት ሳይከፈት እናቴን ደብረ ብርሃን ወደ ወላጆቿ ሊልካት ነው፤ ልጅቱ እኔ ዘንድ ትቆያለች አለ። ልጅቱ እኔ ነኝ እንግዲህ። ደብረ ብርሃን ለእኔ የዓለም ጫፍ ነበር፤ በመኪና ስንመጣ ሁለት ጊዜ ያስመለሰኝ አገር! እናቴ ከሄደች እንደማትመለስ እርግጠኛ ሆንኩ። መስከረም ሳይጠባ እንድትነሣ የሚያደርግ ሰው መፈለግ ነበረብኝ፤ የማውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም በስም።

ስሙን የሰማሁት ከአደይ ብርኽቲ ተረት ነው። አመሻሽ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ምድጃቸውን ደጃቸው ላይ ያወጡና ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ የበቆሎ እሸት ይጠብሱልኛል። መብራት ይጠፋል፤ ያልጠፋበትን ምሽት መቁጠር ይቀል ነበር። ሲጠፋ ኩራዙን መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡታል፣ የኩራዙ ጥላሸትና የፍሙ ጭስ ተጋግዘው ዐይኔን ሲያቃጥሉት፣ ያኔ በእንባዬ መሐል የማየው ያንን ሁለት የፊት ጥርስ የጎደለው አፋቸውን ነው፤ ስቆ አይጠግብም። ይስቃሉ። በቆሎው ሲፈነዳ ይስቃሉ፣ ሲያርርባቸው ይስቃሉ። እኔ እናቴ ልትሞትብኝ ነው፣ እሳቸው በበቆሎ ይስቃሉ። በጣም ነበር የሚያናድዱኝ።

ተረታቸው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። ሰዎች ተራራ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ እያንዳንዳቸው ድንጋይ ተሸክመው ይወጣሉ። ጉልበተኞቹ እያማረሩ ይሄዳሉ፤ ድንጋዩ ከበደ፣ መንገዱ ረዘመ፣ ቄሱ አልተሸከመም እያሉ አንድ በአንድ መሐል መንገድ ይቀራሉ። ከሁሉም ኋላ አንዲት መበለት አለች፤ ድንጋይዋ ከሁሉም ይከብዳል፣ የሚያግዛት የላትም። ታዲያ ይህች ሴትዮ አምላኳን እያመሰገነች ስትራመድ ሓጎስ ይመጣላታል። ሓጎስ ሲመጣ ድንጋዩ ይቀላል። ጫፍ የደረሰች እሷ ብቻ ናት። እዚህ ሲደርሱ አማርኛው ያልቅባቸውና በትግርኛ ይዘጉታል፦ «ሓጎስ ኣቦ ሓይሊ እዩ።»

ዛሬ ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ ደስታ የኃይል አባት ነው ማለታቸው ነው። ያኔ ግን የገባኝ፣ ሓጎስ የሚባል ሰው አለ፣ ሓይሊ የሚባል ልጅ አለው፣ ሥራውም ሸክም የከበደበትን ሰው መርዳት ነው። ምን ላድርግ! በዚያ አገር ሰውን በልጁ ስም፣ የእገሌ አባት ብሎ መጥራት የተለመደ ነው፤ የኛን አባት እንኳ ጎረቤቱ በእኔ ስም ነበር የሚጠራው። አጣርቻለሁ ደግሞ። መልኩ ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኳቸው። መልኩን አላየሁትም፣ ቤቴ ግን ብዙ ጊዜ መጥቷል አሉኝ። መቼ? ሁለት ልጆቻቸው በጦርነቱ ጊዜ ሄደው አልተመለሱም ነበርና፣ የሁለቱን መርዶ ባንድ ቀን የሰሙ ጊዜ፣ ወዲያው አይደለም፣ ቆይቶ ነው የመጣው አሉ። ቀጥሎ እኛ ቤትስ ይመጣል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ይመጣል፣ ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ አሉና በቆሎዬን አገላበጡት። አሁን ይህ መልስ ነው? እንዲህ ያለ መልስ የሰማ ልጅ በር ላይ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል?

ተቀመጥኩ። ያ ክረምት ሰማዩ እየዘነበ ቧንቧው የደረቀበት ክረምት ነበር፤ መቀሌን የኖረባት ያውቀዋል። ውሃ የሚያመጣልን አንድ ባለ ጋሪ ነበር። ቢጫ ጀሪካኖቹን በአህያ ጋሪ ደርድሮ ከቁሓ በኩል ይመጣል። ፊቱ ተፈትቶ አያውቅም። ከቧንቧው ውሃ ማግኘት ከእሱ ሰላምታ ከማግኘት ይቀላል። አንድ ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ቆሜ ሳለ ጋሪው አልፎን ሊሄድ ሲል የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን ከአጥሯ ላይ ብቅ ብላ ጠራችው።

«ሓጎስ! ኣታ ኣቦ ሓይለ! ንዓናኸ?» ለእኛስ ማለቷ ነው።

ሓጎስ። የኃይለ አባት። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ በፊቴ ሲያልፍ የነበረው ሰውዬ ነው! እንዴት ነው ይህን ሁሉ ጊዜ አልፎን የሚሄደው ብዬ በጣም ተቆጣሁ። ሄጄ እጅጌውን ያዝኩና ሓጎስ አንተ ነህ ወይ አልኩት። ነኝ አለ። የኃይለ አባት? አዎ፣ ምን ፈለግሽ? እናቴ ታማለች፣ ና ግባ አልኩት። ውሃ አስገባ ያልኩት መስሎት ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ ተከተለኝ።

ቤቱ ጨለም ብሏል። እናቴ እንደ ወትሮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አደይ ብርኽቲ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ፤ ሲጾሙም ቢሆን ሥራ አይፈቱም። እኔ መሐል ቤት ቆምኩና ያን ሁሉ ቀን የተለማመድኩትን ተናገርኩ።

«እማዬ፣ ሓጎስ መጥቷል። ሸክምሽን ያነሣልሻል።»

ሰውየው ጀሪካኖቹን አስቀመጠ። ወገቡን ይዞ ቀና አለና ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ሸክም ካለ በሩ ላይ ኣውጡልኝ» አለ፣ «ወገቤን ያመኛል።»

እናቴ ዞረች። ያኔ ፊቷን በቀን ብርሃን ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነበር! እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ማነው ያልሽው አለች። እኔም በንዴት ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ መበለቲቱን፣ ድንጋዩን፣ የአደይን ልጆች፣ ይመጣል መባሉን፣ እሱ ደግሞ በየሁለት ቀኑ በራችንን አልፎ መሄዱን። የአደይ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጨረሻ፣ ከስንት ምሽት በኋላ፣ ያቺን ስድስት ቃል ተናገሩ። ሓጎስ ማለት ደስታ ማለት እኮ ነው አሉኝ።

«ደስታማ አክስቴ ናት!» አልኩ።

እውነቴን ነው። ደስታ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። ፈገግታዋን ያየ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ የለም። በእናቴ ሰርግ ወጡ ቀጠነ ብላ ከሙሽራዋ እናት ጋር የተጣላች ሴትዮ ናት። እሷ ከመጣችማ እማዬ ይብስባታል እንጂ እንዴት ብላ ትድናለች ብዬ ጨመርኩበት፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

እናቴ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው፤ ከዚያ ፈነዳ። ሆዷን ይዛ፣ አልጋው እስኪንቋቋ ድረስ ሳቀች። አደይ ሳቁ። ባለ ጋሪው ብቻ በሩ ላይ ቆሞ ምን ዓይነት ቤት ገባሁ ያለ ይመስላል። እኔ ደግሞ በእኔ የሚሳቅ መስሎኝ አለቀስኩ።

ሳቁ ወዲያው ቀጥ አለ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «ልጄን ቀብሬ ሳቅሁ» አለች። «ያልተጠመቀ ልጄን ቀብሬ እስቃለሁ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ አዞረች፣ ብርድ ልብሱንም ጎተተች። አለቀልን አልኩ በሆዴ።

አደይ ብርኽቲ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰፌዱን መሬት ላይ ጣሉት፤ ምስሩ በየወለሉ ተበተነ።

«ይበቃል!» አሉ። «ሓዘንሽ ኣያጠምቀውም። ኣራት ወር ሙሉ በእንባሽ ኣጥምቀሽዋል፤ እግዚኣብሔር የእናት እንባ ኣያውቅም? የእኔ ሁለቱ ተጠምቀው ነው የሄዱት። ተጠምቀዋል ብዬ ሓዘኔ ቀነሰ? ኣልቀነሰም። በሓዘን ኣንድ ቀን መቆም ኣልቻልኩም፣ ጓለይ። ልጆቼ እሱ ዘንድ ናቸው ብዬ ማመስገን ስጀምር ነው እግሬ የቆመው። ሓጎስ ነው ያቆመኝ። የሳቅሽው ልጅሽን ረስተሽ ኣይደለም። ረስተሽዋል እንዴ?»

እናቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ «አልረሳሁትም» አለች።

«በይ እንግዲህ።»

በእንባ ተጠምቋል የሚለውን ቄስ ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ለንስሓ አባቴም ነግሬያቸው አላውቅም፣ መልሳቸውን እፈራለሁ። ያኔ እኔ የተበተነውን ምስር መልቀም ጀመርኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ። ሁላችንም የረሳነው ባለ ጋሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ውሃውን የት ላድርገው?»

ጓዳው ውስጥ በርሜል የት እንዳለ አደይ አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ ግን አኩርፌያለሁ። ትንሽ ቆይቶ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። እናቴ እግሯን መሬት አወረደች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፣ ቀስ እያለች ወደ ጓዳ ሄደች። ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁት፤ ንጭንጭ ያለ፣ የጥንቱ የእናቴ ድምፅ፤ የምትነጫነጨው በአባቴ ነው። «ይኼ ሰውዬ በርሜል ክዳን አልባ ትቶ ነው ውሃ የሚያጠጣን? ይኼ ምጣድ ምን ሆኖ ነው የጠቆረው? ሽሮ እዚህ ግድግዳ ላይ ማን ረጨው?» አደይ እኔን አዩኝና ያንን ጥርስ አልባ ሳቃቸውን ሳቁ። ያን ቀን አላናደዱኝም።

ዳነች ማለቴ አይደለም። በማግስቱም አልቅሳለች፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን። ግን ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ጾሙ ሲፈታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከአደይ ጋር ወጣች። ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሰው ብዛት አይጣል ነው። ታቦቷ ስትወጣ አደይ ብርኽቲ እልል አሉ። እልልታ ልበለው እንጂ፣ በጎደለው ጥርሳቸው መሐል ንፋስ የሚያፏጭ ነገር ነው። እናቴ መጀመሪያ መሬት መሬት ታያለች። አደይ ደገሙት። ቅንድቧ ተሰበሰበ፤ ይህን ፊት አውቀዋለሁ፣ አባቴ ሽንኩርት ሲከትፍ የምታየው ፊት ነው። አደይ ሊሠልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ አላስቻላትም። እናቴ እልል አለች፤ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ደብረ ብርሃን የምናውቀው። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነበር፣ ግን አላቋረጠችም። አባቴ ከወንዶቹ በኩል ሆኖ አንገቱን ሲያሰግግ አየሁት። ደብረ ብርሃን መላክ የሚባለው ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

አሁን አደይ ብርኽቲ የሉም። እኔም አድጌ ይኸው የሰው ስብከት የሚታክተኝ ሴት ሆኛለሁ። ሰው ሲሞትበት ለበጎ ነው፣ ደስ ይበልሽ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለቅሶ ቤት ሳገኛቸው ቦታ እቀይራለሁ። አደይ እንደዚያ ብለው አያውቁም። የድንጋዩን ክብደት አልካዱም፤ የመበለቲቱ ከሁሉም ይከብዳል ነው ያሉት። ይህ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው፤ ድንጋዩን መሸከም የእኔ ተራ ሲሆን።

ወላጆቼ አባቴ ጡረታ ሲወጣ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሱ፤ እኔ መቀሌ አግብቼ ቀረሁ። አባቴን ከቀበርን በዓመቱ ደግሞ ትዳሬ ፈረሰ። ዝርዝሩ ለማንም አይጠቅምም። ሥራ ቀረሁ፣ ቅዳሴ ተውኩ፣ ስልኬን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ጋረድኩ። የሚያጽናና እንዳይመጣብኝ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ዝም አልኩ። ተንኳኳ። ዝም። የሚያንኳኳው ሰው ግን እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም፤ በጡጫ ሆነ። ብድግ አልኩና በሩ ሥር ሆኜ ማነው ብዬ ጮኽኩ።

«ሓጎስ ነኝ» አለች እናቴ። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ እግሯ፣ ብቻዋን በአውቶቡስ ከደብረ ብርሃን መጥታ። «ሸክም ካለሽ በሩ ላይ አውጪልኝ። ወገቤን ያመኛል።»

እየተነጫነጭሁ ከፈትሁላት።